ከሚስት የተቀዳ ቁጥር

ሰዓት ሠሪው በዓይኑ የመጣበትን ሰው አይወድም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሰሊጥ ፍሬ በሚያንሱ ብሎኖች ላይ ሲያፈጥ የኖረ ነው፤ ሰፈሩም «ዓይኔ» እያለ ይጠራዋል። አመሻሽ ላይ ሱቁን ዘግቶ ጣሪያው ላይ ይወጣና አንዲት ቀላ ያለች ኮከብ ያያል። ኮከቧ በወራት ውስጥ ትደበዝዛለች፣ መልሳ ትደምቃለች። እሱም ብርሃናቸው ከማይለወጥ ጎረቤቶቿ ጋር እያስተያየ፣ «ከዚያችኛዋ ትበልጣለች፣ ከዚህችኛዋ ታንሳለች» ብሎ ቁጥር ይሰጣታል፤ ቁጥሩን ለኮከብ ተመልካቾች ማኅበር ይልካል። ዘጠኝ ዓመት ልኳል።

ባለፈው ዓመት ሚስቱ አብራው እየወጣች በራሷ ደብተር ቁጥር መጻፍና መላክ ጀመረች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ጥቁር ክር ከጥቁር ክር የምትለይ። በሁለተኛው ወር የማኅበሩ ጸሐፊ ደወለ።

«ጋሼ፣ የባለቤትዎ ቁጥር ከሌሎቹ ተመልካቾች ጋር ልክክ ይላል። የእርስዎ ትንሽ ይርቃል።»

ሰዓት ሠሪው እርር ድብን አለ። እስቲ አሁን ይህ በገዛ ሚስት የሚያስቀና ነገር ነው? ጨው ስታቀብለው እንኳ ዓይኗን እያየ ይበግን ጀመር።

የማኅበሩ ደንብ አንዱ የሌላውን ሳያይ እንዲጽፍ ነው። እሱ ግን እሷ ወደ ስፌቷ ስትመለስ ደብተሯን ገለጥ ያደርግና ቁጥሯን ይገለብጣል። ሦስት ወር እንዲህ ሆነ። ጸሐፊው እንደገና ደወለ።

«ጋሼ፣ የሁለታችሁ ቁጥር አንድም ቀን አልተለያየም። ባለቤትዎ ከእርስዎ እየቀዱ መሰለኝ። ከዝርዝሩ ላስወጣቸው ነው፤ ምን ይላሉ?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! «እንግዲህ... አዲስ ናት» አለ ሰዓት ሠሪው። ደስ አለው፤ ምን ይደበቃል።

የስልኩ ድምፅ ጎላ ያለ ነውና ሚስቱ መርፌዋን እንደያዘች የሁለቱንም ሰማች። በማግስቱ ጣሪያው ላይ አልወጣችም።

እሱ ብቻውን ወጣ። ኮከቧም ጎረቤቶቿም አንድ ሆኑበት። «አንቺ፣ እስኪ ነይ እይልኝ!» ብሎ ቁልቁል ተጣራ።

«ይቅርብኝ፣ ከባሏ ቀዳች እንዳልባል» አለች፤ የስፌት መኪናዋን እንኳ አላቆመችም።

ሳምንት እንዲህ ከረመ። ሲብስበት አንድ ምሽት ራሱ ለጸሐፊው ደወለ። «የቀዳሁት እኔ ነኝ» አለ።

ጸሐፊው ሳቀ። «ተው እንጂ ጋሼ! ለሚስት ተብሎ ስም ይጠፋል? የዘጠኝ ዓመት ዓይን እኮ ነው!» ብሎ ዘጋ።

ሚስቱ መስኮቱ ጋ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ቀና ብላ ሰማዩን አየች።

«ዛሬ በጣም ደብዝዛለች» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ።

ሰዓት ሠሪው አጠገቧ መጥቶ አንጋጠጠ። ኮከቧ አልታየችውም። ይህን ሁሉ በድሏትም፣ አፍሮም፣ ቀናባት።