ደም የሌለበት ዲፓርትመንት

ዩኒቨርሲቲ ስገባ የደረሰኝ ነርሲንግ ነበር። እኔ የሞላሁት ማኔጅመንት ነው፤ ግን ማን ሰምቶኝ? ያን ጊዜ መንግሥት ሳይንስ ሳይንስ ይል ነበር። አባቴ ደግሞ አገር ቤት ጉኑኖ ቁጭ ብሎ ዶክተር አድርጎኝ አረፈው። ነርስ እኮ ነው የምሆነው ብለው፣ ያው ነው ይለኛል።

ጉዱ የመጣው ሶዶ ላይ ሆስፒታል ለልምምድ ስንወጣ ነው። አስተማሪያችን አንድ ቁስል ፈትቶ ሲያሳየን ዓይኔ ዞረ። ስነቃ አልጋው ላይ የተኛሁት እኔ ነኝ፤ በሽተኛው አጠገቤ ቆሞ አይዞህ ይለኛል። ጓደኞቼ በሳቅ ሞቱ። የወላይታ ልጅ ሆኖ፣ ጥሬ ሥጋ በዳጣ እየበላ፣ ደም ይፈራል እንዴ? ምን ላድርግ ታዲያ፣ ሳህን ላይ ያለ ሥጋና ሰው ላይ ያለ ሥጋ ለእኔ አንድ አይደለም።

ዲፓርትመንት መቀየር ይቻል ነበር። ለአባቴ ግን ምን ብዬ ልንገረው? ክረምቱን ሙሉ ቤት ገብቼ ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ቆረጠኝ ፈለጠኝ እያለ ይመጣል፤ እኔም ውሃ ጠጡ እያልኩ እሸኛለሁ። የሚገርመው ይሻላቸዋል። አባቴም ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል።

መስቀል ደረሰ። ጎረቤቶች በጋራ የገዙት በሬ ታርዶ፣ የእንሰት ቅጠል ተነጥፎ ሥጋ ሲከፋፈሉ አንዱን ሽማግሌ ቢላዋ ጣቱን ቆረጠው። አባቴ አትደንግጡ፣ ዶክተር አለ ብሎ እጄን ይዞ ሰውየው ፊት አቆመኝ። ጣቱን አየሁት። ከዚያ በኋላ ያየሁት ሰማይ ነው።

ስነቃ ሽማግሌው ጣቱን በጨርቅ አስሮ እግሬን ወደ ላይ ይዞልኛል። ሰዉ ሳቁን መያዝ አቅቶታል። አባቴ ብቻ አልሳቀም፤ ደግፎ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። በቃ አለቀልኝ አልኩ። ከማፈሬ የተነሳ እንባዬ መጣ። ነርሲንጉን አልችለውም፣ ማኔጅመንት ልግባ፣ እሱም ካልሆነ ትምህርቱን ትቼ መጥቼ አርሳለሁ አልኩት።

"ማኔጅመንት ውስጥ ደም አለ?" አለኝ።

"የለም።"

"እንግዲያው ግባ።" ከዚያ ዙሪያውን ገልመጥ ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በየዓመቱ በሬው ሊታረድ ሲል እኔ ቅጠል ልቁረጥ ብዬ ወደዚህ የምመጣው ለምን ይመስልሃል? ለእናትህ እንዳትነግራት።"