ሜዳሊያውን የፈተንኩት እኔ ነኝ

ቅናቴን ለመደበቅ ብዙ ዓመት ደክሜያለሁ፤ አሁን ሰልችቶኛል። አብሮ አደጌ ሯጭ ነው። ስሙን ብጠራው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ አልጠራውም። እኔ ደግሞ ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነኝ። የእኔን ስም ብጠራው የምታውቁኝ ቀለበት ያሠራችሁ ብቻ ናችሁ፤ እናንተም ረስታችሁኛል።

ያደግነው ዶሮ ማነቂያ፣ ዛሬ በፈረሰ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። አምስት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። እናቴ የሞተችው ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ቤት የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። ያሳደጉኝ የሯጩ እናት ናቸው። ከአትክልት ተራ ሊበላሽ የደረሰ ቲማቲም በርካሽ ገዝተው፣ ደህና ደህናውን ለይተው ጉልት ላይ ይሸጡ ነበር። ምሳ ሲያቀርቡ ለሁለታችን በአንድ ሰሃን ነው፤ ሲቆጡም ኩርኩሙ ለሁለታችን እኩል ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነበር። እሱ «አንቺ» ይላቸዋል፣ እኔ «እርስዎ»። ማንም «አንቺ» እንዳትል ብሎ አልከለከለኝም፤ ግን አንድ ቀን እንኳ አፌ አልደፈረም።

መሮጥም የጀመርነው አብረን ነው። ይህን ስናገር ሰው ሆዴን እያየ ይስቃል። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነን ጎህ ሲቀድ ተነስተን በስድስት ኪሎ በኩል ጃን ሜዳ እንሄድ ጀመር። አሥራ አንድ ቀን ሄድኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብኩት። እሱ መስኮቱን ሁለቴ አንኳኳ፣ ከዚያ ብቻውን ሄደ። ከእኔ ይበልጥ ነበር ብዬ አልፈርምለትም፤ በአሥራ አንድ ቀን ማን ይታወቃል? ብቻ እሱ በአሥራ ሁለተኛውም ቀን ሄደ፣ ከዚያ በኋላ በመጡት ቀኖች ሁሉ ሄደ። ይህን አምናለሁ። ማመኔ ግን ቅናቴን አልቀነሰልኝም፤ እንዲያውም አባባሰው።

እኔ ወርቅ ቤት ገባሁ። እነሆ አሥራ ምናምን ዓመት ጎንበስ ብዬ እሠራለሁ። አንገቴ እንደልቡ አይዞርም። ዓይኔ ያለ ማጉያ መነጽር ፈርጥና ፍርፋሪ አይለይም። የወርቅ መፈተኛው አሲድ ሽታ ጉሮሮዬ ውስጥ ተከራይቶ ተቀምጧል። እሱ ደግሞ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ሩጫ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ብሠራ የማላየውን ገንዘብ ያገኛል። ፎቅ ሠርቷል። ፎቁ ሥር ባንክ ተከራይቶበታል። በታክሲ በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ወደ ሌላ አቅጣጫ አያለሁ፤ ይኸው እውነቴን ነው።

ከሱቄ ማዶ ባለው ካፌ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ ጋር ጠዋት ጠዋት ማኪያቶ እንጠጣለን። ጨዋታችን ሁሌም እዚያው ላይ ይወድቃል።

«ፍትሕ ነው ይሄ?» እለዋለሁ። «አትክልት ተራ የሽንኩርት ጆንያ ተሸክሞ ዳገቱን የሚሮጠው ሰውዬስ? እሱ እግር የለውም? ማን ፎቅ ሰጠው?»

«አንተ አጨብጭበህለት ታውቃለህ?»

«እኔማ . . .»

«አብሮ አደግህ ሲሮጥ ግን ማኪያቶውን ባንኮኒው ላይ ደፍተህ ጮኸሃል። እኔው ነኝ የጠረግኩት። የሚከፈለው ለእግሩ መሰለህ እንዴ ጌታው? አንተን ላስጮኸበት ነው።»

ጮኼያለሁ። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ወንበር ላይ ወጥቼ ነበር። ከፊቱ የነበሩትን ሦስት ሯጮች ቀድሞ ሲገባ እንባዬ እየወረደ የማላውቀውን ሰው አቅፌ «ወንድሜ ነው! ወንድሜ ነው!» አልኩ። ያን ጊዜ ከልቤ ነበር። ቅናቱ የሚመጣብኝ ሁልጊዜ በማግስቱ ነው፣ ሱቄን ከፍቼ ባዶውን የደንበኛ ወንበር ሳየው።

ልብስ ሰፊው አንድ ቀን ደግሞ ኮስተር ብሎ «ጃን ሜዳ አብረውት ይሮጡ ከነበሩት ስንቱ ዛሬ ዘበኛ ነው?» አለኝ። «ጉልበታቸው አልቆ፣ ትምህርታቸውን ትተው የቀሩ። እሱም ነገ አንድ ጅማቱ ቢበጠስ አበቃለት። አንተ እኮ በስልሳ ዓመትህም ቀለበት ትበይዳለህ። በእነዚያ በቀሩት ለምን አትቀናም?» አባባሉ ልክ ነው። ግን ቅናት ልክ በሆነ ነገር አይታከምም። እኔ የምቀናው ተርፎ በደረሰው ነው።

ገንዘቡን እንኳ ዋጥ ላደርገው እችል ነበር። ያቃጠለኝ ክብሩ ነው። እዚያው ካፌ ሲመጣ የካፌው ባለቤት እጅ እየነሳ «ከአንተ እንዴት ሒሳብ እቀበላለሁ?» ይለዋል፤ ፎቶውን ከባንኮኒው በላይ ሰቅሎታል። እኔ እዚያ ቤት ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ በየቀኑ ከፍዬ ጠጥቻለሁ፤ አንድ ቀን አምስት ብር ቢጎድለኝ «ነገ ታመጣለህ» አለኝ። ከሁሉ የባሰው ትሕትናው ነው። ቢኮራ ኖሮ ሰው ሁሉ አብሮኝ ያማው ነበር። እሱ ግን መንገድ ላይ ሲያየኝ ከመኪናው ወርዶ ያቅፈኛል። ባለቤቴ «እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው» ትላለች፣ እኔ እራቴን ትቼ እነሳለሁ።

ደግሞ እኔም ጨዋ አይደለሁም። ገበያ ሲቀዘቅዝ ለደንበኛ «እገሌ እኮ የግቢያችን ልጅ ነው፣ አብረን ነው ያደግነው» እላለሁ። ያኔ ዓይናቸው ይበራል፣ ቁጭ ይላሉ፣ ቀለበቱንም ይገዛሉ። እየጠላሁት በስሙ በልቻለሁ።

እናቱን፣ እኔ እማማ የምላቸውን፣ በተመለከተ ግን ሚዛኑ ወደ እኔ ያጋደለ ይመስለኝ ነበር። እሱ ውድድር ነው፣ ልምምድ ነው፣ ሆቴል ነው። ደም ግፊታቸው ሲነሳ ክሊኒክ የምወስዳቸው እኔ ነኝ። ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮ ያስቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ገንዘቡን የላከው እሱ ነው፣ አናጢውን ሦስት ቀን የጠበቅኩት እኔ። መታወቂያ ለማሳደስ የተሰለፍኩት እኔ ነኝ። ቆርቆሮውን ለጎረቤት ሲያሳዩ ታዲያ «ልጄ አሠራልኝ» ይላሉ፤ የቱ ልጃቸው እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። እሱ የደወለ እንደሆን ቤቱ በሙሉ ዝም ይላል፤ እኔም የያዝኩትን መድኃኒት እንደያዝኩ ቆሜ ጨርሰው እስኪመለሱ እጠብቃለሁ።

እንግዲህ የነገሩ ቀን። እሱ፣ ካፌ ውስጥ ከጮኽኩለት ከዚያ ትልቅ ውድድር በተመለሰ በሁለተኛው ሳምንት፣ ረፋድ ላይ ነው። ሱቄ ውስጥ አንዲት ሙሽራ፣ አክስቷና አንዲት ሚዜዋ ነበሩ። የጋብቻ ቀለበቷን ሊወስዱ ነው የመጡት። ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ቀለበት ነው፤ ዙሪያውን ሐረግ ቀርጬበት፣ ሐረጉ ከተነሳበት እንዲገጥም ሁለት ጊዜ አፍርሼ ሠርቼዋለሁ። ሙሽራዋ ጣቷ ላይ አድርጋ እያገላበጠች ሳለች እማማ ገቡ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ወንበር ሰጠኋቸው።

«ልጄ፣ እስቲ ይህን መዝንልኝ» አሉና ጨርቁን ፈቱት። ሜዳሊያው ነበር።

«ምን ሊያደርጉት ነው እማማ?»

«ስለት ነው። ወርቅ ይዞ በሰላም ከተመለሰ ወርቁን ለጊዮርጊስ አስገባለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ሳስረክብ ስንት ግራም ነው፣ ስንት ካራት ነው ቢሉኝ አፌን ይዤ እንዳልቀር ብዬ ነው።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ምን ይላል? አንገቴ ላይ አጠለቀልኝና ያንቺ ነው አለኝ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ ሙያ ያለ ሰው ያውቀዋል፤ እንዲህ ያለ ሜዳሊያ ውስጡ ብር ነው፣ ወርቁ ላዩን ብቻ የተቀባ ነው። ማንም አላታለለም፤ አሠራሩ ነው። ቲማቲም ሲሸጡ የኖሩ እናት ግን ይህን ከየት ያውቃሉ? ወርቅ አገኘ ተባለ፣ ወርቅ ነው አሉ። እኔ ጓዳ ወስጄ በጆሯቸው ልነግራቸው እችል ነበር። ወይም «ስለት አይመዘንም፣ እንዳለ ያስገቡት» ብዬ መሸኘት እችል ነበር። ሁለቱም አፌ ላይ መጥተው ነበር።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ሴቶቹ ሜዳሊያውን አወቁት። አክስቲቱ እልልታውን አቀለጠችው። ሚዜዋ ስልኳን አወጣች። ሙሽራዋ ደግሞ የእኔን ቀለበት ከጣቷ አውልቃ፣ እንደ ለስላሳ ቆርኪ ባንኮኒው ላይ ጣል አድርጋ፣ «እኔ ልያዘው፣ በናታችሁ እኔ ልያዘው» አለች። ቀለበቱ ተንከባሎ ሚዛኑ ሥር ገባ። አላየችውም። እማማም ፊታቸው በርቶ ይስቃሉ። እኔ ክሊኒክ ስወስዳቸው እንደዚያ ስቀውልኝ አያውቁም።

ሜዳሊያውን ከሙሽራዋ እጅ ተቀበልኩ። ጠርዙን በሞረድ ነካ አደረግሁት። ወርቅ የምንፈትንበት ጥቁር ድንጋይ ላይ አሸሁት፣ አሲድ ጠብ አደረግሁበት። መልሱን አስቀድሜ አውቀዋለሁ፤ ያደረግሁት እንዲያዩልኝ ነው። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«እማማ፣ ይሄ ወርቅ አይደለም» አልኩ። «ብር ነው። ወርቅ የተቀባ። ልጅዎ ያመጣው ቅብ ነው።»

እልልታው እንደተነሳ ጠፋ። ሚዜዋ ስልኳን አወረደች።

«ቅብ ነው?» አሉ እማማ።

«ቅብ ነው።»

«እሱ ያውቃል?»

ማወቁን አላውቅም ነበር። «ሳያውቅ ይቀራል ብለው ነው?» አልኳቸው። ይህችኛዋን ለምን እንደጨመርኩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ደስ ብሎኝ ነበር። ከስንት ዓመት በኋላ፣ ለአንዲት ደቂቃ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

እማማ መቀነታቸውን ፈታ አድርገው፣ ከቋጠሯት ጨርቅ ውስጥ አንዲት ቀለበት አውጥተው ድንጋዩ ላይ አስቀመጡ።

«ይቺንም ፈትንልኝ» አሉ።

አወቅኋት። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ የሠራሁላቸው ቀለበት ናት። በዚያ ሳምንት እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳድሮ ዋንጫ ይዞ መጥቶ ግቢው ሁሉ ጭፈራ ነበር። እኔም አንድ ነገር ይዤ መግባት ነበረብኝ። ወርቅ መግዣ አልነበረኝም። ብር ቀለበት ሠራሁ፣ በገዛ እጄ ወርቅ ቀባሁት፣ ግቢው ፊት ቆሜም «ሃያ አንድ ካራት ነው» አልኩ። እማማ አለቀሱ፣ ሁለቱንም ጉንጬን ሳሙኝ፣ ጉልት ላይ ለደንበኛ ሁሉ አሳዩት። ከሁለት ዓመት በኋላ ከጣታቸው ጠፋ። «ጣቴ አብጦ አልገባ አለኝ» አሉኝ። ማመኑ ስለተመቸኝ አመንኳቸው።

አሲድ አላስፈለገም። በመዳፍ በኩል ያለው ቅብ ሙልጭ ብሎ አልቆ ነጩ ብር ወጥቷል። ይህን ያህል የተገለጠው ጣታቸው ላይ እያለ ነው፤ ያን ጊዜ ነው ያወቁት። ቀና ብዬ አየኋቸው። አልተቆጡም። ቀለበቷን አንስተው የተገለጠውን በኩል በአውራ ጣታቸው ሸፈኑት።

«ቀለበቱስ ወርቅ ነው?» አለች አክስቲቱ፣ አንገቷን አስግጋ።

የአሲዱን ብልቃጥ ከደንኩት።

«ወርቅ ነው» አሉ እማማ። «ይሄኛው ልጄ ነው የሠራልኝ።»

ቀለበቷን ጣታቸው ላይ አደረጉ። ሰተት ብላ ገባች።

«በል ያንን ጠቅልልልኝ» አሉኝ። «እንዳለ አስገባዋለሁ። የሮጠበት ነው።»

በሞረድ የነካሁትን ጠርዝ ወደ ውስጥ አዙሬ በነጩ ጨርቅ ጠቀለልኩት። ሁለት ጊዜ ፈትቼ ቋጠርኩት። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝና ተነሱ። እንደወትሮዬ አንገቴን ለምርቃት ደፍቼ ቆየሁ። ቀና ስል ወጥተዋል።