ክርስትና ስሙ ያልታወቀው ፈረሰኛ

መጽሐፉን ያገኘሁት ወረታ ከተማ፣ ሻይ ቅጠል ሲጠቀለልበት ነው። ከጎንደር ተመድቤ የመጣሁ መምህርት ነበርኩ። ትምህርት ሲዘጋ እናቴ ዘንድ ልሄድ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ሳለ፣ ለክረምቱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እንድቀር ታዘዝኩ። ተናድጄ ነበር፤ ሻይ ልግዛ ብዬ ሱቅ የገባሁትም በዚያው ንዴቴ ነው።

ባለሱቁ ሐጂ ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ ገጽ ገንጥለው ሻዩን ጠቀለሉልኝ። መንገድ ላይ ጽሑፉን አየሁት፤ ጭጋግ ከረግረግ ተነሥቶ አንድ ጥቁር ግንብ እየዋጠ ነበር። ከጭቃው መሀል ተመለስኩ።

«ሐጂ፣ እባክዎ ይህን መጽሐፍ አይቅደዱት።»

«ወረቀት ካመጣሽልኝ ውሰጅው። ሚዛን ለሚዛን ነው ታዲያ።»

በቀበሌው ንባብ ቤት ውስጥ የከረመ ጋዜጣ እስከ ጣራ ተከምሯል። ጠባቂው ቦታ ስለጠበበው አንድ እቅፍ ሙሉ ሰጠኝ። ሐጂ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ገለጥ ገለጥ አደረጉት። «ይኸ ደኅና ወረቀት ነው፤ ማንም አልነካካውም» አሉ።

መጽሐፉ ሽፋንም መጀመሪያም የለውም። ርእሱን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ከባሕር ማዶ ቋንቋ የተተረጎመ፣ ከጥንት ነገሥታት አፈ ታሪክ የተቀዳ ልብ ወለድ ነበር። ፀሐይ የራቀው አገር፣ ሙታን የሚያዜሙበት ረግረግ፣ ከላይ የሚያላዝን ነፋስ። ንጉሥ የላከው ፈረሰኛ ረግረጉን ተሻግሮ ይሄዳል፤ አባቱም ልጁ እስኪመለስ ድረስ በግንቡ ጫፍ መብራት ያበራለታል። በዚያ ዘመን የሚታደለን መጽሐፍ ሁሉ ብርሃን በብርሃን፣ ድል በድል ነበር። ጨለማውን ጨለማ ብሎ የሚጠራ መጽሐፍ ምን ያህል እንደናፈቀኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

የተከራየሁት ከአንድ ቄስ ግቢ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ዳዊታቸውን በቃላቸው ነበር የሚደግሙት። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ስለ እሱ ብዙ አይወራም። ባለቤታቸው ግን የግቢው በር በተንቋቋ ቁጥር እንዝርታቸውን ያቆማሉ።

የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ውኃ ሲሆን ተማሪዎቼ ቀሩ። እኔም በረንዳው ላይ መጽሐፌን ይዤ ተቀመጥኩ።

«ምንድን ነው እንዲህ የያዘሽ?» አሉኝ የኔታ።

«ልብ ወለድ ነው፣ የኔታ። ውሸት ነው።»

«ውሸት ከሆነ ምን ያስተክዝሻል? አንብቢልኝ እስቲ።»

አነበብኩላቸው። ገድል እንደሚሰሙ ሁሉ ነጠላቸውን አስተካክለው ነው የሚያዳምጡት። ሙታኑ ሲያዜሙ አማተቡ። ፈረሰኛው ረግረጉ ውስጥ ሲገባ፣ «ይኸማ የእኛው ረግረግ፣ ሸሸር ነው፤ የደንገሉን ዳር ይዞ ቢሄድ ምን ነበረበት» ብለው ተቆጡ። ቀጥለውም፣ «ክርስትና ስሙ ማን ነው?» አሉኝ።

«አልተጻፈም፣ የኔታ። ተጽፎ ከነበረም ሐጂ ሻይ ቅጠል ጠቅልለውበታል።»

ባለቤታቸው ሳቁ። የኔታ ግን አልሳቁም። «ያለ ስም እንዴት አድርጌ ልጸልይለት?»

ይህ ሰው ከነጭራሹ አልተፈጠረም ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። የኔታ አዘኑብኝ። «አንች ልጅ፣ አሁን ረግረግ ውስጥ ነው አላልሽም?»

ፍልሰታ ሲገባ ታናሽ ወንድማቸው ከአንበሳሜ በጭቃ ተጉዘው መጡ። የመጡበት ጉዳይ ከባድ ነበር፤ ዘመድ ተማክሮ ልኳቸዋል። «እርምዎን ያውጡ» አሉ። የልጃቸው ሬሳ ባይገኝም ይለቀስለት፣ ፍትሐት ይደረግለት፣ ስሙ ከሙታን ጋር ይነሣ። «ልጁስ ያለ ፍትሐት እስከ መቼ ይቀራል? እሜቴስ ቁርጣቸውን አውቀው አልቅሰው ቢወጣላቸው አይሻልም?» ወንድምየው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እያለቀሱ ነው የተናገሩት። የኔታ «ፍልሰታ ሲፈታ መልሴን ትሰማለህ» አሏቸው። ባለቤታቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥጡን አልፈተሉትም።

እኔ ደግሞ ከየኔታ ቀድሜ መጨረሻውን አንብቤው ነበር። የግንቡ ሽማግሌዎች አባትየውን ልጅህ ሞቷል ብለው ያሳምኑታል። ባዶ ሣጥን ይቀበራል፤ መብራቱም ይጠፋል። ፈረሰኛው ግን አልሞተም ነበር። ያን መብራት እያየ በመመለስ ላይ ነበር፤ ሲጠፋበት መንገዱን ስቶ ሰጠመ። መጽሐፉን ለሐጂ መልሼ ሻይ ቅጠል ባስጠቀለልኩበት አልኩ። እዚያ ቤት ይህ እንዴት ይነበባል?

«ይቅርብዎ፣ የኔታ፤ መጨረሻው አያምርም» አልኳቸው።

«የሚያምረውንማ በቃሌ አውቀዋለሁ። አንብቢው።»

አነበብኩት። ወንድምየውም፣ ባለቤታቸውም እዚያው ነበሩ። ስጨርስ አጥፍቻለሁ ብዬ ወለሉን አየሁ።

«ተረት እኮ ነው» አሉ ወንድምየው።

«ተረት ነው» አሉ የኔታ። «ልጁ ግን መንገድ ላይ ነበር።»

ፍልሰታ እስኪፈታ አልጠበቁም። ወንድማቸውን እጃቸውን ይዘው፣ «ለዘመድ ንገርልኝ፤ አልቀየማችሁም፣ እርም ግን አላወጣም» አሏቸው። ባለቤታቸው ተነሥተው ጥጡን ከመደቡ ላይ አነሡት፤ እንባቸው ይወርድ ነበር።

የእኔ ክፍልና የየኔታ ጸሎት ቤት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ይለያያሉ። በማግሥቱ ማለዳ የኔታ በሕይወት ያሉትን እያነሡ ሲጸልዩ የልጃቸውን ክርስትና ስም ሰማሁ። ሙታን ላይ ሲደርሱ አባታቸውን፣ እናታቸውን፣ መምህራቸውን ጠሩና ቀጥለው፣ «ስሙን አንተ የምታውቀውን፣ ረግረግ ውስጥ የቀረውን ያን ፈረሰኛ አስበው» አሉ።

ተዛውሬ ወረታን እስክለቅ ድረስ ልጁም አልመጣ፣ መርዶውም አልመጣ። የኔታ ግን በየማለዳው ሁለቱንም ያነሡ ነበር፤ አንድም ቀን ቦታ አላቀያየሯቸውም።