ጭስ የከለከልኩት ቤት

ለነፍስ አባቴ ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ጾም መሻሬን ነግሬያቸዋለሁ፤ ከወንድሜ ጋር በርስት መጣላቴን ነግሬያቸዋለሁ፤ የወጣትነቴንም ጉድ አንድ ሳላስቀር ነግሬያቸው ቀኖናዬን ተቀብያለሁ። ይህን አንዱን ግን ስንት ጊዜ ደጃቸው ድረስ ይዤው ሄጄ፣ ስንት ጊዜ ይዤው ተመለስኩ። ለሚስቴም አልነገርኳትም። እንግዲህ የማላውቅህ አንባቢ፣ ዛሬ አንተ ስማኝ። ፊትህን ስለማላይ ይቀለኛል። ፈሪ መሆኔንም ከዚሁ ጀምረህ እወቅልኝ።

እኔ አንድ ቤት ገድያለሁ። ቤት ደግሞ ይገደላል ወይ ትለኝ ይሆናል። ይገደላል። የገደልኩትም በእሳት አይደለም፣ በመጥረቢያ አይደለም፣ በደብዳቤ ነው። ከቤቱ ጋር ደግሞ የአንድ ሽማግሌ ስም ገድያለሁ፤ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።

ጊዜው ንጉሡ ከመውረዳቸው አራት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። የመንዝ ልጅ ነኝ። መምህር ሆኜ አሰላ ተመደብኩ፤ ብዙም ሳልቆይ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጭላሎ ተራራ ግርጌ ያለ የአንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ዲሬክተር አደረጉኝ። ዲሬክተር ሲባል ትልቅ ነገር አይምሰልህ። ሁለት የጭቃ ክፍል፣ ደወል ይሁን ተብሎ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ፣ ከዚያ በኋላ ሜዳ ነው። አንደኛ ክፍል ዛፍ ሥር ይማራል፤ ዝናብ ሲመጣ አንደኛ ክፍል ወደ ቤቱ ይሄዳል። በየመስከረሙ ልጆቻቸውን ይዘው ለሚመጡ ወላጆች «ቦታ ሞልቷል» የምለው እኔ ነበርኩ። ያን ቃል ማለት አስጠልቶኝ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ግን ይህን እውነት ጠበቃ አድርጌ አላቆመውም።

አገሬው አዲስ ትምህርት ቤት ይሠራ ብሎ ተነሣ። ገብስ የሰጠ አለ፣ በግ የሰጠ አለ፣ የሚሰጠው ቢያጣ ድንጋይ በትከሻው ያመጣ አለ። ችግሩ ቦታው ነበር። ግቢያችን መካከል፣ ካለን መሬት ሁሉ ለጥ ባለው ላይ፣ አንድ ትልቅ ክብ የሣር ቤት ቆሟል። በጽድ ምሰሶ የተሠራ፣ ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው የመካከል ዐምድ ያለው ቤት ነው። በድሮ ጊዜ የአካባቢው ሽማግሌዎች የተጣላ የሚያስታርቁት፣ ደም የሚያደርቁት እዚያ ውስጥ ነበር። ከአዲስ አበባ አንድ የድሮ ቤት የሚያጠና ሰው መጥቶ ለካው፣ ሣለው፣ ሄደ። ቀጥሎ ደብዳቤ መጣ። ቤቱ ታሪካዊ ስለሆነ ማንም እንዳይነካው፣ አዲስ ሕንፃም ከእሱ እንዲርቅ ይላል።

ርቀቱ ሲለካ ሜዳው ሁሉ የቤቱ ሆነ። ለእኛ የቀረን ወደ ገደሉ የሚያዘነብለው ዳር ነው። እዚያ ላይ አንድ ክፍል ለማቆም አስቀድሞ አፈሩን የሚደግፍ የድንጋይ ግንብ መሥራት ያስፈልጋል፤ ግንቡ ደግሞ ሲሚንቶ ይበላል። ሲሚንቶ ተወደደ። ቆርቆሮ ተወደደ። ከናዝሬት ጭኖ የሚያመጣው ሹፌር ራሱ ተወደደ። ስድስት ክፍል ብለን የተነሣነው አራት ሆነ፣ አራቱ ሦስት ሆነ። ግንበኛው አንድ ቀን ገመዱን እየጠቀለለ፣ «መምህር፣ ይቺ ጎጆ ባትኖር ኖሮ እኮ ይሄኔ ጣሪያ እየመታን ነበር» አለኝ። እሱ ተናግሮ ረሳው። እኔ ግን ይዤው ቤቴ ገባሁ።

የቤቱ ጠባቂ አባ ቃሲም ይባሉ ነበር። ቤቱን ያሠሩት አያታቸው ናቸው። ቀጠን ያሉ፣ ነጭ ጥምጣም የማይለያቸው፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ ሽማግሌ ናቸው። በየቀኑ የዐስር ሶላት ከሰገዱ በኋላ ገብተው እርጥብ የወይራ ግንድ ያነዱና በሩን ገርበብ አድርገው ደጃፍ ይቀመጣሉ። ጭሱ በሣሩ ውስጥ ለውስጥ ሲወጣ ቤቱ የሚተነፍስ ይመስል ነበር። ትምህርት ቤቱን የሚጠሉ እንዳይመስልህ። ወይፈናቸውን የሰጡ እሳቸው ናቸው! ሜዳው እንደጠበበን ባዩ ጊዜም፣ «ከወንዙ ማዶ የወንድሜ መሬት አለ፤ እኔ እለምነዋለሁ» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ፕላን እንደገና ማስነሣት፣ ፊርማ እንደገና መለመን፣ አንድ ዓመት መጠበቅ ታከተኝ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። የምረቃው ቀን ሪባኑ ሲቆረጥ አጠገቡ ቆሜ ራሴን አየው ነበር። ለልጆቹ ብዬ ነው እንዳልል፣ ያ ሪባን ምን ይሁን?

አሁን ወደ በደሌ ልምጣ፤ እየዞርኩት ነው።

እኔ ያደግኩት በሣር ቤት ውስጥ ነው። አባቴ «ሣር ጭስ ካልጠጣ ዝናብ ይጠጣል» ይል ነበር። እሳት የማይነድበት የሣር ቤት ጣሪያው ይሻግታል፣ እንጨቱን ነቀዝ ይገባዋል፣ ሁለት ክረምት ሦስት ክረምት ቆይቶ ይወድቃል። ይህን የከተማ ልጅ አያውቅም፤ አሰላ ያሉት አለቆቼም አያውቁም። እኔ ግን አውቃለሁ። አውቄ ተቀመጥኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ታሪካዊውን ቤት ከእሳት አደጋ ለመጠበቅ ሲባል ከዛሬ ጀምሮ በውስጡ እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ ከመንግሥት ከሚላክ ባለሙያ በቀርም ማንም ሰው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሣር እንዳይነቅል፣ እንዳይጨምር።

እንዴት ያለ ደብዳቤ! አለቆቼ አመሰገኑኝ። ለቅርስ የሚቆረቆር ወጣት ተባልኩ። ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰልኝ።

አባ ቃሲም አማርኛ ይናገራሉ እንጂ ፊደል አይለዩም። ስለዚህ ያነበብኩላቸው እኔው ነኝ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ጣሪያውን ቀና ብለው አይተው፣ «እሳት ካልገባ ቤቱ ይታመማል፣ ኢልማኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንተም የገጠር ልጅ ነህ። ይህን ታውቃለህ።»

«መንግሥት ነው ያዘዘው፣ አባ ቃሲም» አልኩ። «እርስዎ አይጨነቁ፤ ባለሙያ ይመጣል።»

«መንግሥት ካለ፣ እሺ» አሉ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክሬ እኔው ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩት። ጣታቸው ይሞቅ ነበር፤ እስካሁን ትዝ ይለኛል።

መጀመሪያው ክረምት ሄደ። ጣሪያው ላይ አረንጓዴ ነገር በቀለ። አባ ቃሲም መጡ፤ «ያ ባለሙያ የታለ?» አሉኝ። «ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ መልስ እየጠበቅን ነው» አልኳቸው። አልጻፍኩም ነበር። በበጋው ደግሞ መጡ፤ መልሱ አልመጣም አልኳቸው። በግንቦት ለሦስተኛ ጊዜ መጡና፣ «አንድ ቀን ብቻ ላንድደው፣ አንድ ቀን ብቻ» ብለው ለመኑኝ። እኔን፣ የልጅ ልጃቸው የምሆነውን፣ ቆመው ለመኑኝ! «አይቻልም፣ አባ ቃሲም፣ ሁለታችንም እንጠየቃለን» አልኩ። ተደብቀው ቢያነዱት ማን ያያቸው ነበር? አላነደዱም። ቃል ሰጥተው ጣታቸውን አኑረዋላ! እኔ የተማርኩት ሰውዬ በማኅተም ስዋሽ፣ እሳቸው ላንድ ጣት ቀለም ታመኑ።

በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ በጠራራ ቀን ወደቀ። ያን ቀን ዝናብ እንኳን አልነበረም። ቢሮዬ ውስጥ የምዝገባ ወረቀት እያዘጋጀሁ ነበር። ስወጣ ቤቱ እንደ ደከመ በሬ በአንድ ጎኑ ተንበርክኳል፤ ዐምዱ ብቻ ቆሟል። ማንም አልተጎዳም። እኔ ምን ተሰማኝ መሰለህ? ዕረፍት። መጀመሪያ የተሰማኝ ዕረፍት ነው። ይህን ሳልደብቅ ካልነገርኩህ መናዘዜ ከንቱ ነው።

ከአሰላ አጣሪ መጣና ቤቱ ለምን ወደቀ ብሎ ጠየቀ። መልሱን በጽሑፍ ያዘጋጀሁ እኔ ነኝ። «በጠባቂው ቸልተኝነት ምክንያት» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ቃል ናት። አገሬው ተሰብስቦ፣ አባ ቃሲም ዱላቸውን ተደግፈው በቆሙበት፣ ጮክ ብዬ አነበብኳት። ቀና ብለው አላዩኝም። ሰው ሁሉ ግን እሳቸውን አያቸው፤ የአያቱን ቤት ጠብቅ ቢባል ያስፈረሰ ሰው አድርጎ አያቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ለሽምግልና የሚጠራቸው ሰው እየጠፋ ሄደ። አደራ ያልጠበቀ እንዴት ያስታርቃል?

ትምህርት ቤቱ ሜዳው ላይ ተሠራ፤ ስድስት ክፍል። ሪባኑም ተቆረጠ። ያን ዐምድ አናጢዎቹ ሰነጠቁና አግዳሚ ወንበር አደረጉት። ከቀትር በኋላ ክፍሉ ሲሞቅ እንጨቱ የድሮ ጭስ ይሸት ነበር። ልጆቹ አያውቁትም ነበር። እኔ ጠመኔ ይዤ ጀርባዬን እሰጣቸው ነበር፤ ሽታው ግን ከኋላዬ ነበር።

ይኸውልህ፣ እስካሁን የነገርኩህን ሁሉ ምናልባት ለነፍስ አባቴ እነግራቸው ነበር። ያቃተኝ የሚቀጥለው ነው።

በዓመቱ አባ ቃሲም ወደ ሼህ ሁሴን መቃብር ለዚያራ ሊሄዱ ተነሡ። እስከ ባሌ በእግር ነው፤ እዚያ የሚሄድ ሰው ደግሞ አስቀድሞ የበደለውን ሁሉ እየዞረ ይቅርታ ይጠይቃል። አንድ ጠዋት ስንቃቸውን በትከሻቸው አንግተው ቢሮዬ ገቡ። ተነሥቼ ወንበር ሰጠሁ፤ አልቀመጥም አሉ።

«መምህር፣» አሉ፣ «መንግሥት አምኖ ቤቱን ሰጠኝ። እኔ መጠበቅ አልቻልኩም። አንተንም ከአለቆችህ ጋር አስቸገርኩህ። መንገድ ልሄድ ነው፤ አውፍ በለኝ።»

አፌን ከፈትኩ። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር፤ በእግዚአብሔር ስም እምልልሃለሁ፣ ምላሴ ላይ ነበር። ከኋላቸው በመስኮቱ ልጆች ሲገቡ ይታዩኛል። ያኔ «እኔ ነኝ» ብል ኖሮ ምን እሆን ነበር? ከሥራ እባረር ነበር፤ ይኸው ነው። ለዚያች ስል «አውፍ ብዬዎታለሁ፣ አባ ቃሲም» አልኳቸው።

እጄን ይዘው ሳሙኝ። ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ሸክም የወረደለት ሰው አረማመድ እየተራመዱ ወጡ።

በሰላም ተመለሱ። ከዚያው ከሼህ ሁሴን ነጭ አፈር በጨርቅ ቋጥረው አመጡልኝ፤ በረከት ነው አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል በየመንገዱ ተገናኝተናል። በየቀኑ ልነግራቸው እችል ነበር፣ በየቀኑም «ደኅና ዋሉ» ብዬ አለፍኩ። ንጉሡ በወረዱበት ዓመት ወደ ሌላ አገር ተዛወርኩ። ማረፋቸውን የሰማሁት እዚያ ሆኜ ነው።

አንባቢዬ፣ ፍታኝ አልልህም። አንተ ምን ቆርጦህ ትፈታኛለህ? ሊፈቱኝ ይችሉ የነበሩት አንድ ሰው ናቸው፤ እሳቸውን ደግሞ ላልበደሉኝ በደል ይቅር ብዬ ሸኘኋቸው። አፈሩ አሁንም ሳጥኔ ውስጥ ነው። ቋጠሮውን አንድም ቀን አልፈታሁትም።