አጥቂያችን ያልተሰለፈችበት ጨዋታ

ቆቦ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የስፖርት መምህርት ሆኜ የሴቶቹን የመረብ ኳስ ቡድን ብቻዬን ነበር የያዝኩት። አሰልጣኙም፣ ወጌሻውም፣ ቡድን መሪውም እኔው ነኝ። መረቡ ሲበጠስ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለን በሲባጎ እንጠግነዋለን። ለሚኒባስ ኪራይ በጀት የለም ሲባል መምህራኑ ያዋጡልናል። ተጫዋቾቹም ጥቂት ስለሆኑ አንዷ ከታመመች እንቸገራለን።

ጠንካራዋ አጥቂያችን ከጎብዬ ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣች የገበሬ ልጅ ነበረች። ረጅም ናት፤ ሜዳ ላይ ድምጿ ከሁሉም በላይ ይሰማል። ከሮቢት ቡድን ጋር ልንጫወት ስንዘጋጅ ሒሳብ ወደቀች። በኮሌጁ ደንብ ደግሞ ትምህርት የወደቀ ተማሪ አይሰለፍም።

ዲኑ ቢሮው አስጠራኝ። ደንቡን ያወጣው እሱ ራሱ ነው።

«ለዚች ጨዋታ ብቻ እንለፋት» አለኝ። «ያለሷ አንችላቸውም።»

«ለሌሎቹ ልጆች ምን ልበላቸው?»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ተወው።

እንደማትሰለፍ ስነግራት ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። ከዚያ በኋላ ልምምድም ክፍልም ቀረች። ቢቸግረኝ በባጃጅ ቤቷ ድረስ ሄድኩ።

አባቷን የማሽላ ክምር አጠገብ አገኘኋቸው። ከሰላምታ በኋላ ፊታቸውን አጠቆሩብኝ።

«ልጄን ያበላሻት ኳሱ ነው» አሉኝ። «ወይ ትማር፣ ወይ እዚህ ታግዘን።»

ልጅቷ ድምፃችንን ሰምታ ከቤት ወጣች።

«አባ፣ ኳሱ አይደለም» አለች። «ሒሳቡ ከጅምሩ አልገባኝም። መጠየቅ አፍሬ ነው። ሜዳ ላይ ጎበዝ የሚሉኝ ልጆች ክፍል ውስጥ እንዳይስቁብኝ ከኋላ ነው የምቀመጠው።»

እሳቸው ልጃቸውን አየት አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። «የሚያስረዳት ይገኛል?»

«ይገኛል» አልኩ፣ ማን እንደሆነ ሳላውቅ።

«በሉ እንግዲያው፣ አላህ ያግራላችሁ።»

ሮቢት ሄደን ተሸነፍን። እሷ አብራን መጥታ ለጓደኞቿ ውሃ እያቀበለች ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸችላቸው። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉም አኩርፏል። አጥቂዋ እንድትመታው ኳሱን መረቡ ጋ ከፍ አድርጋ የምታነሳላት አንዲት አጭር ልጅ ነበረች፤ ብዙም አታወራም። እሷ ናት ድንገት «ሒሳቡን እኔ አሳይሻለሁ» ያለቻት።

ከልምምድ በኋላ የመማሪያ ክፍሉ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ማጥናት ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ ይጣሉ ነበር። አጥቂዋ «አትቸኩዪብኝ!» ስትል ከሜዳው ማዶ እሰማታለሁ። ቀስ በቀስ ግን ጩኸቱ ቀርቶ ሳቅ መጣ። ድጋሚ ፈተናውን ለጥቂት አለፈች። ውጤቷን ልትነግረኝ እየሮጠች መጥታ ወረቀቱን ሰጠችኝ።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ቆቦ ላይ ስንጫወት አባቷ መጡ። በትራቸውን ተደግፈው ሜዳው ዳር ቆሙ፤ አላጨበጨቡም፣ ግን ዓይናቸውን አልነቀሉም። አሸነፍን። ሲያልቅ ጠጋ አሉኝ።

«መምህርት፣ ያቺ አጭሯ ልጅ ምን አጥፍታ ነው? ስትለፋ ውላ አንዴ እንኳ አላስመታችኋትም።»

ሥራዋ ለሌሎች ማመቻቸት እንደሆነ አስረዳኋቸው። ብዙም አላመኑኝም። ሄደው አጭሯን ልጅ እጇን ጨበጧትና ከልጃቸው ጋር ባጃጅ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ወጡ።