ሊን የጠየቀችኝ ቃል

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት መጋቢት ውስጥ ነው፣ እዚሁ ሮም። ለሌላ ሰው ተራ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን አዲስ አበባ አሥራ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ፣ እዚህ ባዳንቴ ሆኜ አንዲት አሮጊት እየጦርኩ ሰባት ዓመት የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል።

ኀሙስ ከሰዓት የዕረፍት ጊዜዬ ነው። ዚፑ የተበላሸ ቀሚሴን ይዤ ቪያ ቮልቱርኖ የሚባለው መንገድ አጠገብ ልብስ የምታስተካክል ሊን የምትባል ቻይናዊት ዘንድ ሄድኩ። ከስፌት መኪናዋ ጎን የእንግሊዝኛ መማሪያ ተገልጦ አየሁና ሳላስበው አጎንብሼ ማንበብ ጀመርኩ።

«እንግሊዝኛ ትችያለሽ?» አለችኝ በጣልያንኛ።

«አስተማሪ ነበርኩ።»

ስልኳን አወጣች። ልጇ ለንደን የልብስ ዲዛይን ትማራለች፤ መምህሯ ስለ ሥራዋ የጻፈችውን አስተያየት ልጅቷ ለእናቷ ልካላታለች። ሊን አንዱን ቃል በጣቷ አሳየችኝ፤ «ኖቭል» ይላል።

«ይሄ መጽሐፍ ማለት አይደል? ልጄ የሠራችው ካፖርት ነው። እሷን ብጠይቃት ትስቅብኛለች።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የልብስ ሰፊ ጠመኔ አነሳሁና ቃሉን በጥቁር ቁራጭ ጨርቅ ላይ ጻፍኩት። «ስም ሲሆን መጽሐፍ ነው፤ ሐሳብን ሲገልጽ ግን ከዚህ በፊት ማንም ያላሰበው፣ አዲስ ማለት ነው» አልኳት።

«አሎራ፣ እንግዲያው ልጄ ከማንም አልቀዳችም?»

«ከማንም አልቀዳችም።»

በቻይንኛ እንዲህ ያለው ሐሳብ ከራስ ልብ እንደተቆረጠ ጨርቅ ነው እንደሚባል ነገረችኝ። እኔም ኖቭል የሚባለውን መጽሐፍ በአማርኛ «ልብ ወለድ» እንደምንለው ከነትርጉሙ ስነግራት፣ «ልብ የወለደው» ብላ ደገመችና ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ልጇን ካየቻት ሁለት ዓመት ሆኗታል።

«ፕሮፌሶሬሳ፣ ሌላም ልጠይቅሽ?» አለችኝ፤ መምህርት ማለቷ ነው።

ሱቁ እስኪዘጋ ተቀመጥን። ከዚያ በኋላ ኀሙስ ሁሉ እዚያው ነበርኩ።

በሰኔ ሊን ለልጇ ምርቃት ለንደን ሄደች፤ እዚያው ሥራ አግኝታ ቀረች። ከልጇ መምህር ጋር በእንግሊዝኛ እንዳወራች በድምፅ መልእክት ነገረችኝ። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው።

አሁን ኀሙስ ሲደርስ የምሄድበት ይጠፋኛል። አሮጊቷን ምሳ አብልቼ ካስተኛኋቸው በኋላ መስኮቱ አጠገብ እቀመጣለሁ። አንድ ሰው መጥቶ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ቢለኝ ብዬ እመኛለሁ።