የልጄ የኒካህ ቪዲዮ የቆመባት ቦታ

አሊዩ አምባ ያለችው ታላቅ እህቴ እግሯን አሟት የሴት ልጄ ኒካህ ላይ አልተገኘችም። ቪዲዮውን ዓርብ በሚሄደው መኪና እልክልሻለሁ አልኳት። ሐሙስ ጠዋት ሸዋ ሮቢት ፎቶ ቤቱ ስደርስ ግን ቪዲዮው ገና ተቆርጦ አልተቀናበረም።

ፎቶ አንሺው የሰፈሬ ሰው ነው። ኮምፒውተሩን ከፍቶ አሳየኝ። ሙሽራው አንድ እግሩን ያነሳና አየር ላይ ይቀራል፤ ትንሽ ቆይቶ ቤት ውስጥ ብቅ ይላል። እንዲህ እየቆመብኝ የት ጋ ልቁረጠው አለኝ። እኔ ዱዓ የማደርግበት ላይ ስንደርስማ ቪዲዮው ውስጥ አፌን ከፍቼ ደርቄ ቀረሁ። እህቴ ይህን ካየች በሰው ፊት ቃል ጠፋው ብላ ዕድሜ ልኬን ልትስቅብኝ ነው።

እኛ ቆላ ሁሉም ነገር የሚታመመው ከሙቀት ነው። ቤቴ ተመልሼ፣ የውኃ ጀሪካን የምናቀዘቅዝበትን ጆንያ ነክሬ አመጣሁ። ኮምፒውተሩን ላለብሰው ስል ሰውየው ብድግ ብሎ እጄን ያዘኝ።

"ጋሼ፣ እሱን ከሚያለብሱት እኔን ያልብሱኝ።"

ጆንያውን ደጅ አሰጣሁና ቁጭ ብዬ አየሁ። ኮምፒውተሩ አዲስ ነው። ምስሉ የሚመጣው ግን በሽቦ ከተንጠለጠለች አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው። እኔ ደግሞ ሮቢ ወንዝ መስኖ ላይ ስንት ዓመት የውኃ አባት ሆኜ ተራ ሳስይዝ የኖርኩ ነኝ፤ ሽንኩርት ሲጠወልግ መጀመሪያ የማየው ቦዩን ነው።

"ማሳህስ ሰፊ ነው፤ ቦይህ ነው የጠበበው" አልኩት።

ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ አሳየኝ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ፈጣን ዲስክ አለ ለካ፤ ይሞላብኛል ብሎ እየሳሳለት ባዶውን አስቀምጦታል። ምስሉን ወደዚያ መገልበጡ እስከ ዙህር ፈጀ። ሰግደን ስንመለስ ሙሽራው እግሩን አነሳ፣ አሳረፈ፣ እንደ ሰው ተራመደ። እኔም ኮራሁ።

ዱዓው ላይ ስንደርስ ግን አሁንም አፌን ከፍቼ ቆምኩ። ይቺን ቦይ ረስተሃታል አልኩት። እሱ ከኋላዬ ያለውን መጋረጃ በጣቱ አሳየኝ። መጋረጃው በነፋስ ይወዛወዛል።

"ጋሼ፣ ይሄ እንኳ ዲስኩ አይደለም። የቆሙት አንቱ ነዎት፤ ልጅዎን አይተው።"

ይቺን ቦታ ቆርጬ ላውጣት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ብዙ አሰብኩ። ተዋት አልኩት።

ዓርብ ቪዲዮው የተገለበጠበት ፍላሽ ሄደላት። ቅዳሜ እህቴ ደወለች፤ ስቃ ስቃ፣ እንዴት እንደቆምኩ እየነገረችኝ ሳለ መሃል ላይ እሷም ዝም አለች። ቆየች።

"ኔትወርኩ ነው" አልኳት።

"አዎ፣ እሱ ነው" አለች።